ቆጮ የሌለበት ጉድጓድ

አሰላሙ አለይኩም ሸምሱዬ፣

መጀመሪያ የጎረቤታችንን የዘይነባን ልንገርህ፣ አለዚያ ወሬው አይያያዝም። ያ ሲነዘንዛት የኖረው እግሯ ዳነላት! ሐኪም ዘንድ ወስደዋት ይኸው ምርኩዟን ጥላለች። ልጇም ወንድ ልጅ ወልዳ አያት አድርጋታለች። አሁን ሥራዋ ቡታጅራን መዞር ነው፤ ዛሬ እንግዳዬንም ቀድማ ያየችው እሷ ነች።

ካንተ ከተለየሁ ሰባት አረፋ አለፈ። ቤቱ ደህና ነው፣ ክዳኑን አድሰነዋል። ጥለሃት የሄድካት ጨቅላ ተማሪ ሆናለች፤ እኔም አብሬያት ፊደል ቆጥሬ ይኸው በገዛ እጄ እጽፍልሃለሁ። የተከልካቸው እንሰቶች ደርሰው ተፍቀዋል፣ በቦታቸው ሌላ ተክያለሁ።

መርዶህ ከመጣ ጀምሮ ግን አንድ ነገር ብቻ ሆዴን ሲበላኝ ኖሯል። ከኦጋዴን ሰው ስትልክ እናትህን በስም ትጠራ ነበር፣ ላሚቱን ትጠይቅ ነበር፣ ስለ አጥሩ እንኳ ታስብ ነበር። እኔ «ለቤተሰቡም ሰላም በሉ» ውስጥ ነበርኩ! «ናፍቄው ይሆን የሞተው ወይስ ረስቶኝ?» ይህን ማንን ልጠይቅ?

እና ዛሬ ዘይነባ በአጥር ላይ ጮኸች፤ «አንቺ ፋጡማ! ወታደር ይፈልግሻል!» አለች። አስር አለቃ በየነ የሚባል ነው፤ ምሽግ አብራችሁ የቆፈራችሁ። ገና ሳይቀመጥ ሳቁ መጣበት። «እርስዎ እንሰት ሲፍቁ ግራ እግርዎን ነው የሚያነሱት» አለኝ!

ምን ላድርግ ሸምሱ? ወንድ እንሰት የሚፋቅበት ድርሽ አይልም፣ ነውር ነው። አንተ ለካ በአጥሩ ቀዳዳ ስታየኝ ኖረሃል! ዘይነባማ «ሰላይ ነው ያገባሽው!» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ እንደገና ሳቅኩ።

ሰውየው ቀጠለ። አመሻሽ ላይ ስለ እኔ ብቻ ታወራ ነበር አሉ። ለሰው መላክ ግን አፍረህ ነው፤ «ሚስቱ ናፈቀችው ተብሎ ቡታጅራ ይስቅብኛል» ትል ነበር አሉ። ምሽግህን እንደ ቆጮ ጉድጓድ አሳምረህ ቆፍረህ፣ ጉድጓድ የሚለብሰው የኮባ ቅጠል በበረሃው ቢጠፋ አሮጌ ድንኳን ቀደህ ውስጡን አለበስከው። ጓዶችህ «ጉራጌው ቆጮ ሊቀብር ነው» እያሉ ሲያላግጡብህ አንተም አብረህ ትስቅ ነበር።

አጥሩን ዘንድሮ ላድሰው ነበር። ያችን ቀዳዳ ግን እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይደፍናትም። እንሰት በፋቅኩ ቁጥር ወደዚያ ዞሬ አይሃለሁ፣ ቃሌ ነው።

አስር አለቃው ሊሄድ ተነስቶ በሩ ላይ ቆም አለ። «አንድ ነገር ረስቼ» አለ። «የሁላችንም ምሽግ ለአንድ ሰው ነው፣ የእሱ ብቻ ለሁለት ይበቃል። ‹ለምን አሰፋኸው?› ስንለው ‹እሷ ጠባብ አትወድም› ይለን ነበር» አለኝ።