ምስክር ተብሎ ስለታሰረው ባትሪ፦ ለክቡር ግራዝማች መርዳሳ

አዳማ፥ ግንቦት ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች መርዳሳ፥ የአዳማ ከተማና የገበያው ዳኛ

ክቡር ሆይ፤

እርስዎ፥ ቤተሰብዎና ችሎትዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ወገብዎንም ወንበር ላይ ብዙ ከመቀመጥ ከሚመጣው ሕመም ይጠብቅልን። እኔ በጤናዬ ደኅና ነኝ። የነጠላዬ ጫፍ በትእዛዝዎ ከነጋዴው ከአቶ ደሊል ነጠላ ጋር ስለተቋጠረ፥ እኔ ብዕሩን ወደ ቀለሙ በላክሁ ቁጥር እርሱም አብሮኝ ጎንበስ ይላልና፥ የእጅ ጽሑፌ ቢያስቀይምዎ ለሁለታችንም ይቅርታ እለምናለሁ።

የከተማው ሰው ነገሩን የሚያውቀው ከገበያ ወሬ ብቻ ስለሆነ፥ ይህንኑ ደብዳቤ በባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ማንበብ የማይችል የሚችለውን ይጠይቅ።

ወደ አገሩ ከተመለሰ ግሪካዊ የገዛኋት ባለሁለት ወንበር የእሽቅድምድም አውቶሞቢል እንዳለችኝ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። አንድ ጆንያ ጤፍ እንኳ አትጭንም እየተባለ ይሳቅባታል፤ እውነት ነው፥ አትጭንም። እኔ ግን ልጭንባት የፈለግሁት አንድ ሰው ነው። ልጄ አረጋሽ ዝዋይ ባሏ ዘንድ ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጇ ከረጅም ምጥ በኋላ ሞቶ ተወልዷል፤ እርሷም የተረፈችው ለጥቂት ነው። የአዲስ አበባው ሐኪም ሁለተኛውን ያለ ሐኪም እንዳትወልድ ብሎ አስጠንቅቋታል። በበቅሎ ያን ያህል መንገድ መቀመጥ ስለማትችል፥ ዝናቡ ገብቶ አዋሽ ሳይሞላ በአውቶሞቢሏ አምጥቻት ከዚህ በባቡር ወደ ሐኪሙ ልወስዳት ነበር። በዚህ መካከል ባትሪው ሞተ። ሞተሩ እሳቱን የሚያገኘው ከባትሪው ስለሆነ፥ ከፊት ያለውን ብረት ክንድ እስኪዝል ቢያዞሩት የሚገኘው ላብ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፤ ስለ ምርጫው። አቶ ደሊል ለንግድ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ አዲስ ባትሪ እንዲያመጣልኝ ለምኜው፥ ስድስት ቮልት እንዲሆንና ከወንበሩ ሥር ካለው ሣጥን እንዳይበልጥ ነግሬው፥ ልኩንም በገመድ ለክቼ ሰጥቼው ነበር። እርሱ ግን ሁለት ሰው የሚሸከመው ባለ ዐሥራ ሁለት ቮልት የካሚዮን ባትሪ ይዞልኝ መጣ። ምክንያቱን ስጠይቀው፥ «ጌታዬ፥ እርስዎን የሚያህል ባሕር ማዶ የተማረ ሰው የጫማ ሣጥን የምታህል ባትሪ ይዞ ቢታይ፥ ሰው እኔን ምን ይለኛል?» አለኝ። በክብሬ ተጨንቆ እንደሆነ አልጠፋኝም። ይህ ባትሪ ቢገጠም አምፖሉንና የእሳቱን ሽቦ እንደሚያቃጥል ባስረዳው ግን ስጦታ እንደተመለሰበት ሰው ከፋው፤ ዋጋውን ልክፈልህና እሱቅህ ይቀመጥ ብዬ ብነግረው ጭራሽ ተቆጣ፤ ስሜን አጠፋ ብሎም እርስዎ ፊት ከሰሰኝ።

፪ኛ፤ ስለ ፍርዱ። ጣቢያው አጠገብ ካሚዮን የሚጠግነው ሽኩር ከተሰበረ መኪና ያወጣው፥ ለእኔ አውቶሞቢል በልኳ የሆነ ባትሪ ስለነበረው፥ ገዝቼ ከመግጠሜ በፊት ለችሎቱ ላሳይ አመጣሁት። ክቡርነትዎ ሁለቱን ባትሪዎች በቡና ሚዛን አስመዘኑ። በስዊስ አገር ዩኒቨርሲቲ ስለ መካኒክ በተማርሁበት ዘመን ሁሉ ይህን ዘዴ ያስተማረኝ ሰው ስላልነበረ፥ ስለ ትምህርቱ ከልብ አመሰግናለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ሆራ፥ «እኔ በዕድሜዬ ትልቁ ተሰጥቶት ትንሹን የሚለምን ሰው አላየሁም፤ ይኼ ሰውዬ የደበቀው ነገር አለ» ሲሉ፥ እርስዎም ጢምዎን እየዳሰሱ አዎን አሉና ከባዱን ባትሪ እንድገጥም ፈረዱብኝ። እኔም ይግባኝ አልሁ።

፫ኛ፤ ስለ ምስክሩ። ይግባኙ እስኪታይ ድረስ ትንሹ ባትሪ የነገሩ ምስክር ነው፥ ምስክርም ከከተማ አይወጣም ብለው፥ በቀይ ክር አስረው በማኅተምዎ አትመው እቤትዎ አስቀመጡት። ብርድ እንዳይመታው ብርድ ልብስ እንደለበሰም ሰምቻለሁ፤ ለዚህ ርኅራኄዎ ቃል የለኝም። ነገር ግን ባትሪ ኮረንቲ ሳይመገብ ከተቀመጠ ኃይሉ በራሱ እያለቀ ይሄዳልና፥ ምስክርዎ ከዕለት ወደ ዕለት እየከሳ ነው። ይግባኙ የሚታይበት ቀን ሲደርስ አንዲት ቃል የሚመሰክርበት አቅም አይኖረውም።

፬ኛ፤ ስለ ቁራኛው። ተከራካሪ እንዳይጠፋ ሁለታችንን ነጠላ ለነጠላ አቆራኙን። አቶ ደሊል ሲሰግድ ጥግ ይዤ እቆማለሁ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም እርሱ ከቅጥሩ ውጭ ይቆምና ነጠላው እስከሚደርስ ድረስ እሳለማለሁ። እርሱ ያረደውን እኔ፥ እኔ ያረድሁትንም እርሱ ስለማንበላ፥ በዚህ ጾም በሌለበት ወራት ባለቤቱ ወይዘሮ ዙለይካ ለሁለታችንም ሽሮ ትሠራልናለች። ገበያ ስናልፍ ቅቤ ሻጮቹ፥ «እናንተ ሙሽሮች፥ መልሱ መቼ ነው?» እያሉ እልል ይሉብናል። ከመካከላቸው አንዷ፥ «ጥሎሽ የሰጠው የትኛችሁ ነው?» ብትለን አቶ ደሊል፥ «እኔ፤ ባትሪ» ብሎ መለሰላት። በዚህ ዓመት የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

፭ኛ፤ ይህኛው ቁጥር ያለ ቀልድ ይነበብልኝ። አቶ ደሊል የልጄን ነገር ያወቀው ከእኔ ጋር ከታሰረ በኋላ ነው። በዚያው ዕለት ነጠላዬን እየጎተተ እርስዎ ዘንድ ወስዶኝ፥ «ክሴን ትቻለሁ፥ ትንሿን ባትሪ ስጡትና ይሂድ» ብሎ እግርዎ ላይ ወደቀ። እኔም ይግባኜን ትቻለሁ አልሁ። ክቡርነትዎ ግን፥ «ነገር አንዴ ወደ ይግባኝ ከወጣ የመንግሥት ነው፤ እናንተ ምን አገባችሁ?» ብለው ወደ ምሳዎ ገቡ። የሚከስ የለ፥ የሚከሰስ የለ፤ ክርክሩ ግን ያለ ተከራካሪ ይኸው እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ይህን ያህል የጸና ችሎት በባሕር ማዶም አላየሁም።

ትናንት ከዝዋይ የደረቀ ዓሣ ጭኖ የመጣ ነጋዴ የልጄን መልእክት አደረሰኝ። ወገቧን ይቆርጣት፥ ይተዋትም ጀምሯል። የላከችብኝ ቃል፥ «አባባ፥ መኪናዋ ተበጀች ወይ?» የሚል ብቻ ነው። ምን ብዬ ልመልስላት? ትንሹ ባትሪ እርስዎ ቤት አለ፤ አውቶሞቢሏ እኔ ደጅ ቆማለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በዝግታ እየተራመዱ እንኳ ወዲያው የሚደርሱበት ነው። ይህን ርቀት በትምህርቴም፥ በልመናዬም፥ በቁጣዬም ማሳጠር አልቻልሁም።

ስለዚህ በበቅሎ እንሄዳለን። እንሄዳለን ያልሁት ሁለታችንን ነው። ትእዛዝዎን ደጋግሜ መርምሬዋለሁ፤ ምስክሩ ከከተማ እንዳይወጣ፥ ተከራካሪዎቹም እንዳይለያዩ ይላል። ተከራካሪዎቹ ከከተማ እንዳይወጡ የሚል ቃል የለበትም። ቋጠሮውን አልፈታነውም፤ በቅሎዎቹ ጎን ለጎን እንዲሄዱ ነጠላውን በገመድ ቀጥለነዋል። አቶ ደሊል ሱቁን ዘግቶ፥ «ልጅቷ የእኔም ናት፤ ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ አይደለሁም ወይ?» ብሎኝ ስንቅ እየቋጠረ ነው። መንገዱ ቀናት ይፈጃል። ስንደርስ ሐኪም አልሆንላት፥ ወደ ሐኪምም አላደርሳት። ከአንድ ነጋዴ ጋር የታሰረ፥ እጇን ከመያዝ በቀር ምንም የማያውቅ አባት ነው የሚደርስላት። እርሱም በጊዜ ከደረሰ ነው።

ክቡርነትዎ ምስክሩን በሚገባ እንዲጠብቁልኝ፥ ትልቁንም ባትሪ ክብሩ እንዳይጓደል በችሎቱ ከፍ ካለው ቦታ እንዲያስቀምጡልኝ እየለመንሁ፥ ለፍርድዎ ክብደት፥ ለሚዛንዎም ትክክለኛነት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፥ ዝቅ ስልም አቶ ደሊልን ይዤ የምወርድ፥

ታዛዥዎ
ሰንበታ ጆቴ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፤ በረትዎ ውስጥ ሁለት በቅሎዎች ቢጎድሉ ሌባ እንዳያስፈልጉ። የሰጡን ባለቤትዎ ወይዘሮ ዘርፉ ናቸው። ግራዝማች ቢቆጡስ ብዬ ብጠይቃቸው ልጓሙን በእጄ አስጨብጠውኝ፥ «እኔ አምጬ አውቃለሁ፤ እሳቸው ፈርደው ነው የሚያውቁት፤ ሂድ!» አሉኝ። በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ የለኝም።