ስለ አክተሩ የግራ እግር

ለተከበሩ የፊልም ማኅደሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ወገብዎም ከስብሰባ ብዛት የተጠበቀ ይሁን እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ። «ብዝኃነት በቀድሞ የካራቴ ፊልሞቻችን» በተሰኘው የክብር ምሽት ላይ እንድገኝ የላኩልኝ የጥሪ ካርድ ደርሶኛል። በካርዱ ላይ «የታገተችው ልጅ» ተብዬ መጠራቴን ሳይ ማኅደርዎ ለታሪክ ያለውን ታማኝነት አደነቅሁ፤ በፊልሞቹ ሁሉ ስም አልነበረኝም፣ ዛሬም የተጋበዝኩት ያለ ስም ነው። ምሽቱ ይበልጥ እንዲያምር ጥቂት አሳቦችን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ስለ ብዝኃነት የሚወያዩት አምስቱም ሊቃውንት ወንዶች መሆናቸውን አይቻለሁ። አንደኛው መነጽር ስለሚያደርጉ ጉዳዩ ከሁሉም አቅጣጫ እንደሚታይ አልጠራጠርም።

፪. ከባሕር ማዶ የመጣው ባልደረባችን ቋንቋችንን ከድርሰቱ ጸሐፊ ይልቅ አሳምሮ ይናገር ነበር። ይሁን እንጂ መልኩ የሩቅ አገር ሰው ነው ተብሎ ትርጉም የሌለው ጩኸት እንዲጮህ ይታዘዝና ፊልሙ ሳይጋመስ ይሞታል። ከሁላችን የጠቆረውና ዘንጉ እያልን የምንጠራው ጓደኛችን ደግሞ ከእርሱም ቀድሞ፣ ሁልጊዜም ለአክተሩ ሲል ይሞታል። እናቱ ልጇ አንድ ቀን እንኳ እስከ መጨረሻው ሲቆይ ለማየት ሲኒማ ቤት ስትመላለስ ኖራ፣ ሳታይ አረፈች። በካርድዎ ላይ ሁለቱም በአንድነት «ሌሎች» ተብለዋል፤ በሥራ ዘመናቸው ያላገኙትን እኩልነት ስለሰጧቸው አመሰግናለሁ።

፫. አክተር አይሞትም ይባላል። የእኛው አክተር እንዳይሞት የምደክመው ግን እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ምሰሶ ላይ ታስሬ አለቅሳለሁ፤ ከዚያ እፈታና ጢም ተለጥፎልኝ፣ የአክተሩን ባርኔጣ ደፍቼ፣ ጀርባዬን ለካሜራው ሰጥቼ ወንበዴዎቹን አራግፋቸዋለሁ፤ ከዚያም እርሳቸው መጥተው እንዲፈቱኝ ሮጬ ወደ ምሰሶዬ እመለሳለሁ። በዚህ ሁኔታ ራሴን ካዳንኩ በኋላ እርሳቸውን በእንባ አመሰግናለሁ። ዳይሬክተራችን ሴት ስትማታ ተመልካች ይስቃል ብለው ስላስረዱኝ፣ እንጀራዬም ስለነበረ፣ አፌን ዘጋሁ።

አክተሩ በቀኝ እግር፣ እኔ በግራ የምንመታ በመሆናችን ግን አንድ ችግር ነበረ። ካሜራው ቀረብ ሲል የእርሳቸው ቀኝ እግር ይነሣል፤ ራቅ ሲል የሚያርፈው የእኔ ግራ ነው። ካርድዎ ይህንን «በሁለቱም እግር እኩል የመምታት ብርቅ ጥበብ» ብሎታል፤ ጥናትም ይቀርብበታል አሉ። ጥናቱን በጉጉት እጠብቃለሁ፤ እንዲህ መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር።

ዝም ማለቱን ለምጄው ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን በግቢያችን ካራቴ የማስተምራት የልጅ ልጄ ፖስተራችሁን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አይታ መጣች። «አያቴ፣ ይኼን ሁሉ እያወቅሽ ለምንድነው ታስረሽ የምታለቅሺው?» አለችኝ። የሚማታው ሰውዬም እኔው መሆኔን ነገርኳት። አላመነችኝም፤ ትልቅ ሰው ሲቀባጥር እንደሚደረገው በጨዋ ደንብ ፈገግ አለችልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለልምምድ አልወጣችም። ክቡር ሆይ፣ በሥራ ዘመኔ ብዙ ተመትቻለሁ፤ እንደዚያች ፈገግታ ያመመኝ የለም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በፊልሞቹ መጨረሻ ከሚያልፉት ስሞች መካከል፣ የአክተሩን ምት የመታችው እገሊት ናት የሚል አንድ መስመር ይግባልኝ። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን መቃብር ሳልገባ የልጅ ልጄ ብታነበው እመርጣለሁ።

አክተሩን ስላዳኑኝ ሁሉ እያመሰገንኩ፣ ለማኅደርዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለእርስዎም ከዚህ የተሻለ ካርድ ጸሐፊን እመኛለሁ።

በፖስተሩ ላይ በስተግራ፣ ከገመዱ ሥር ያለሁት አክባሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መርሐ ግብሩ የሚዘጋው አክተሩ ዝነኛ ምታቸውን በመድረክ ላይ ሲያሳዩ ነው ይላል። ጉልበታቸውን ክፉኛ እንደሚያማቸው ሰምቼ አዝኛለሁ፤ እንደ ለመድነው እተካቸዋለሁና ባርኔጣውን ብቻ ይላኩልኝ። በጢሙ አይድከሙ፣ ዕድሜ ራሱ አብቅሎልኛል። የልጅ ልጄን ከፊት ወንበር ያስቀምጡልኝ፤ በዚህ ጊዜ ጀርባዬን ሳይሆን ፊቴን ነው የማዞረው።