ደረጃው ሥር የቀረው ፈተና

ጃዋር፣

መምህሩ «ፈተናውን ትቶ ሄደ» ይላሉ። አንተ «ዊልቸሬ ላይ ሆኜ ደረጃው ሥር ብጠብቅ ማንም አልወረደልኝም» ትላለህ።
እኔ ከላይ በመስኮት አየሁህ።

ትናንት አባትህ ከመምህሩ ጋር በሽማግሌ ታርቀው፣ በኦሮምኛ «ናጋ»፣ ሰላም ተባብለው ተመራርቀዋል። እርቁ ደግ ነው፤ ፈተናህን ግን አይመልስልህም። አቤቱታ ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ቢሮ በጽሑፍ ይገባል። የፈተናውን ቀንና ክፍል ጻፍ፤ ምስክር ብለህ እኔን ጥቀስ።

ሩዝ ድስቱ ውስጥ አለ። ትምህርቱን ትተህ ወደ አገርህ ወደ አሬሮ ከሄድክ የቤቱን ቁልፍ ለአከራያችን ለእማማ ዘቢባ ስጥ።
ከሄድክ።

አሁን የኮሌጁ ዲን ጋ ልሄድ ነው ስላቸው እማማ «ወልዴ፣ አንተን ደግሞ ከትምህርትህ እንዳያባርሩህ!» አሉኝ። ግቢው እስኪሰማ «ጃዋር ቢሄድም ባይሄድም ያየሁትን እናገራለሁ!» አልኳቸው።