የኮምፒውተርን ሰዓት ያሰፉት እህታችን የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን ከአውቶቡስ ሾፌሩ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው እ.ኤ.አ. በማርች ወር 1961 ተወለዱ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያዋ ናቸው። ያደጉበት ቤት ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ የሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል ሲሆን፣ አንደኛው ክፍል በስፌት መኪናና በቁርጥራጭ ጨርቅ የተያዘ ነበር። እናታቸው የልጅ ልብስ ሲሰፉ ጫፉን በትርፍ ወደ ውስጥ ያጥፉት ነበር፤ ልጅ ያድጋላ! ልብሱ ለታናናሾቻቸው ሲደርስ ግን ትርፉ አልቆ ይገኛል።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው በ1984 በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ። በዚያው ዓመት የከተማው መሥሪያ ቤቶች የሚገለገሉባቸውን ኮምፒውተሮች በሚያዘጋጅ ድርጅት ተቀጥረው እስከ ሕመማቸው ድረስ እዚያው ሠርተዋል። በ1989 ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

የሥራ ድርሻቸው ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉበት፣ ባለሙያዎቹ “ላይብረሪ” የሚሉት የሥር ፕሮግራም ነበር። ሰው አያየውም፤ ነገር ግን ማንኛውም ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚጠይቀው እሱን ነው። እነዚህ ማሽኖች ቀንና ዓመትን የሚያውቁት ከ1970 መጀመሪያ አንስተው ሰከንድ በመቁጠር ነው። ለቆጠራው የተሰጠው ቦታ ጠባብ በመሆኑ በጃንዋሪ 2038 ይሞላል። ሲሞላ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይገለበጥና ማሽኑ ዘመኑ 1901 ነው ብሎ ያምናል። እህታችን ይህን ቦታ ለማስፋት የተነሡት ገና በ1998 ነው። አለቃቸው “ለዚያን ጊዜ ማን ኖሮ ማን ያያል?” ቢሏቸው፣ “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ብዬ ነው” ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ባልደረቦቻቸው “እትዬ ሰከንድ” አሏቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

መጀመሪያ ላይ ተሳስተው ነበር፤ ይህ እንዲነገር ራሳቸውም ይወዱ ነበር። በ2001 ቦታውን በቀጥታ አሰፉት። አዲሶቹ ፕሮግራሞች ምንም አልሆኑም። ቀድመው የተዘጋጁት ግን የሚያውቁት ጠባቡን ልክ ነውና፣ ሰፊው ቁጥር ሲሰጣቸው ሞልቶ ፈሰሰና አጠገቡ የተቀመጠውን መረጃ አበላሸባቸው። የውሃ ፓምፖችን የሚያዘው ፕሮግራም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ውሃ ተቋርጦ ሰፈሩ በሙሉ ባልዲውን ይዞ የውሃ ቦቴ ፊት ተሰለፈ። እህታችንም ተሰለፉ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነም እዚያው ሰልፉ ላይ ተናገሩ። አንዲት አዛውንት ጎረቤታቸው፣ “አንቺ ልጅ፣ የነገን ሰዓት እሠራለሁ ብለሽ የዛሬን ውሃ ወሰድሽብን እኮ!” አሏቸው። ሰልፈኛው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ ወዲህ አሮጌውን በር ሳይዘጉ አዲሱን ከጎኑ መክፈት የሥራቸው ሕግ ሆነ። ጊዜን የሚነካው እያንዳንዱ የላይብረሪው ክፍል ሁለት መግቢያ ተበጀለት፤ ነባሩ ፕሮግራም በለመደው በጠባቡ ይገባል፣ አዲስ የሚዘጋጀው በሰፊው። ነባሮቹም ተራ በተራ እንደገና እየተዘጋጁ ወደ ሰፊው ተሻገሩ። ሥራው ዓመታት የፈጀ፣ አመስጋኝም የሌለው ነበር። ወንድ ልጃቸው “እማዬ ለ2038 ቀድማ ደርሳለች፤ የምትዘገየው ለእራት ብቻ ነው” እያለ ይቀልድ ነበር። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ቤተሰቡ ቅር ይለው እንደነበር ግን መደበቅ አያስፈልግም። በልጆቹ የትምህርት ቤት ስብሰባዎች አብዛኛውን ጊዜ የተገኙት ባለቤታቸው ብቻቸውን ነበሩ።

ባለፈው ዓመት የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪሞቹ የቀራቸው ጊዜ አጭር መሆኑን ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው። ያን ጊዜ ከሥራቸው የቀረው አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ ፕሮግራሞችን በቀጠሯቸው ሰዓት የሚቀሰቅሰው። ሰዓቱን ወደ 2038 አሻግረው በሞከሩት ቁጥር ወደ 1901 ይመለስና፣ ማሽኑ ቀጠሮዬ ገና ነው ብሎ ተኝቶ ይቀራል። እህታችን ይህ ሳይቃና እንዳይሞቱ ፈሩ፤ ፍርሃታቸውንም ከማንም አልሸሸጉም። እርማቱን አልጋቸው ላይ ሆነው እየነገሯት ምክትላቸው ጻፈችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምክትላቸው ላፕቶፗን የሆስፒታሉ የምግብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ቁጥሩ ሊሞላ አንድ ደቂቃ እስኪቀረው ሰዓቱን ወደ 2038 አሻገረችው። መድኃኒት ይዛ የገባች ነርስ አየት አድርጋ “ውይ፣ ቀኑ ተሳስቷል እኮ!” ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በአንድ ድምፅ “እንዳትነኪው!” ብለው ጮኹ። የተፈራችው ሰከንድ መጣች፣ አለፈች። ቁጥሩ ቀጠለ፤ የተቀጠረው ፕሮግራምም በሰዓቱ ነቃ። ምክትላቸው ሙከራውን ልትደግመው ስትል እህታችን እጇን ያዙ።

“በቃ። አሁን የዛሬን ቀን መልሺልኝ” አሏት።

ከዚያ በኋላ ስለ ሥራ አላነሡም፤ ከቤተሰባቸው ጋር ሲጨዋወቱ ሰነበቱ። ኖቬምበር 12 ቀን 2024 ጠዋት፣ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው ግራና ቀኝ እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሰዓት በማይቆጠርበት እረፍት ይቀበልልን፤ አብረዋቸው ለመሆን የተመኙትን ያህል ላልጠገቧቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን።