በደረቁ ወንዝ ላይ ዝም ያልን ዕለት

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ፣ ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነዘንዝህ፣ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከመቀመጫህ ስትነሳ ያስረግምሃል? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ ምን አክለው ይሆን? እማማስ፣ አባባስ? ቤቱ ሁሉ፣ ግቢው ሁሉ ሰላም ነው ወይ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው እንዳትደነግጥ ብዬ እንጂ እኔስ ደንግጫለሁ። የቅዳሜው ድንጋጤ እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ይኸው ፊደሌ እንኳ ዶሮ የጫረችው መስሏል።

የእኔን ጽሕፈት ስታይ አንተም ሳትገረም አትቀርም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። በደወልኩ ቁጥር እማማ "ውይ፣ አሁን ወጣ" ትለኛለች፤ ከጀርባዋ ግን ሳልህ ይሰማኛል። አልፈርድብህም። አባባን የወፍጮው ቺንጋ፣ ያ ማዞሪያው ቀበቶ፣ የያዛቸው ዕለት ከጎናቸው የነበርከው አንተ ነህ። ቺንጋው መተልተሉን አይተህ እንደነበር፣ ሲነግሯቸው ስለማይወዱ ብቻ ዝም ማለትህን ራስህ እያለቀስክ ተናገርክ። እኔ ደግሞ በሆስፒታሉ ግቢ፣ አጎታችንና ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ እየሰማ፣ "ምላስህን ጅብ በላው? ሦስቱን ጣት የቆረጥካቸው አንተ ነህ!" አልኩህ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ወደዚህ ስመጣ ሻንጣዬን እስከ መኪናው ተሸክመህልኝ፣ ሳትስመኝ ተመለስክ።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ። የምሠራበትን የልብስ ማጠቢያ እማማ ነግራህ ይሆናል። የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ በከረጢት እየታጨቀ ይመጣል፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ስንቀቀል እንውላለን። ዓርብ ከቀትር በኋላ ውሃ ማሞቂያው ጉርርር ብሎ ዝም አለ። "ዶክተር" የምንለው ጠጋኛችን (የማሽኑን ሆድ መታ መታ እያደረገ ጆሮውን ስለሚለጥፍበት ነው) መለዋወጫው ከሰኞ በፊት አይመጣም አለ። ያልታሰበ ዕረፍት! አንሶላ የሚያመላልሰው ሾፌር፣ "ካፒቴን" የምንለው፣ ማደሪያ ተቀምጦ ግድግዳ ከመቁጠር በረሃ ወርደን ጅረት ዳር ድንኳን ተክለን ለምን አናድርም አለ።

እኔ የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ጣሪያ እያለው ሜዳ የሚያድር፣ ያውም ደስ ብሎት የሚያድር ሰው አለ? ሰዎቹ ግን ከምራቸው ነው። አንሶላ የምትተኩሰው ጓደኛችን፣ "ተኳሿ" የምንላት፣ ሁሉም ሰው እንደሚሄድ፣ ያልሄድን እኛ ብቻ እንደሆንን ነገረችኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ እኔም ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ተነሳሁ። ያላሰብነው ነገር አለቃችንም መምጣታቸው ነው። እኚህ ሴት ስድሳን ያለፉ፣ በሥራ ቀን ጥርሳቸው የማይታይ ሰው ናቸው። ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው፣ አንሶላ ማጠፍ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ የመጣሁ ሰሞን ትኩሳት ሲጥለኝ ሦስት ቀን አልጋዬ ጠርዝ ላይ የተቀመጡት እሳቸው። ትራሳቸውን በፌስታል ይዘው መኪናው ውስጥ ቀድመውን ተቀመጡ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ከተጓዝን በኋላ ደረስን። በረሃው ድንጋይና እሾህ ነው፤ መሃሉን ሰፊ የአሸዋ ወንዝ ይሰነጥቀዋል፣ በአሸዋው ጥግ ደግሞ የሕፃን ሽንት የምታክል ውሃ ትንጠባጠባለች። ለዚህች ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ብዬ ተደነቅኩ። እግሬን ስከታት ግን ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለች ውሃ ሆና አገኘኋት። አለቃችን ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡና ድንገት ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እርስ በርስ ተያየን።

ድንኳን የመትከል ሰዓት ሲደርስ አለቃችን ወገቤን ያመኛል፣ ለስላሳ ቦታ እፈልጋለሁ አሉና ከወንዙ መሃል አሸዋው ላይ አስተከሉ። ቀና ስል ከዳሩ ካለው ግራር ቅርንጫፍ ላይ፣ ከራሴ በላይ፣ ደረቅ ሣርና የተቀዳደደ ፌስታል ተሰክቶ አየሁ። ያን ያህል ከፍታ ላይ ሣር የሚሰቅል ውሃ እንጂ ወፍ አይደለም። አጎታችን በሬዎቻቸውን ደራሽ ውሃ የወሰደባቸውን ዕለት ታስታውሳለህ? የሚዘንበው ሌላ አገር፣ የሚወስደው አንተን ይሉ ነበር። ከሩቁ ተራራ ጫፍ ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ ነገር ነበር።

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። እኚህን የመሰሉ ሰው እዚህ አይሆንም እንዴት ይባላሉ? ያውም ሲስቁ በዋሉበት ቀን? ደግሞስ ከእኔ የሚበልጡት ዝም ብለው እኔ ማነኝ? ይሉኝታ አፌን ለጎመው። አሁን የምነግርህን ግን ስማኝ፤ የራሴን ድንኳን ጉንዳን እፈራለሁ ብዬ ከዳሩ ላይ፣ ከድንጋዩ በላይ ተከልኩት።

አስር ሰዓት ገደማ ነው። እሳቸው ድንኳናቸውን ዘግተው ጋደም ብለዋል፣ እኛ ከላይ ተቀምጠን ዳቦ እንቆርሳለን። ሰማዩ ከላያችን አንዲት ደመና የለውም። ከሩቅ የከባድ መኪና ድምፅ የመሰለ ነገር መጣ። በዚህ ምድረ በዳ ምን መኪና ይመጣል ብዬ ሳልጨርስ፣ ከመታጠፊያው ቡናማ ነገር ጭራሮና ድንጋይ እያንከባለለ ብቅ አለ። ወንድም ጋሼ፣ ውሃ መሆኑን ዓይኔ እያየ ልቤ አላምን አለኝ።

ተንደርድረን ወረድን። ስንደርስ ጉልበታችን ድረስ ሞልቷል። የድንኳኑ ዚፕ አሸዋ ገብቶበት አልከፈት አለ፤ እሳቸው ከውስጥ ይፈራገጣሉ። ዶክተር ዚፑን ይጎትታል፣ ተኳሿ ትጮኻለች፣ እኔ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኛል። ያኔ ከድንኳኑ ውስጥ የአለቃችን ድምፅ፣ ያ የሥራ ቦታው ድምፅ፣ "ጠርዝ ያዙ!" አለ። እርጥብ የሆቴል መጋረጃ ስናነሳ በየቀኑ የሚጮኹብን ቃል ነው። አራታችንም ሳናስብ አራቱን ማዕዘን ያዝን። "አንሱ!" አሉ። ካስማው ተነቃቅሎ ድንኳኑን ከነእሳቸው አነሳነው። ውሃው ወገባችን ደርሶ እያንገዳገደን፣ እንደ እርጥብ መጋረጃ ተሸክመን ወደ ዳሩ ወጣን። ዞር ስል ድንኳኑ በነበረበት ቦታ ላይ አንድ ሙሉ የዛፍ ግንድ እየተገለባበጠ አለፈ።

ዚፑን በቢላ ቀደን አወጣናቸው። የግራ ክንዳቸው ተሰብሮ ነበር፤ በትራሳቸው ልብስ አሰርንላቸው። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ወደ ዳሩ ሄደ። የእኛ አራት ድንኳኖች ከድንጋዩ በላይ ተደርድረዋል። ካፒቴን መኪናዬን ልጠብቅ ብሎ፣ ተኳሿ አንኮራፋለሁ ብላ፣ ዶክተር አሸዋ ይበላኛል ብሎ። እኔም የጉንዳኗን ሰበብ አዘጋጅቼ። ሁላችንም አይተን ነበር! አራት ሰው፣ ስምንት ዓይን፣ አንድ አፍ ጠፋ። እኔን ከውሃው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ካፒቴን ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።

አለቃችን አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "አክብራችሁኝ ልትገድሉኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። ቆየት ብለውም ብትነግሩኝ ላልሰማችሁ እችል ነበር፣ እልኸኛ ነኝ፤ ያኔ ግን ጥፋቱ የእኔ ይሆን ነበር አሉን። መኪናው ውስጥ አስገብተን ሆስፒታል አደረስናቸው።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ የሚቀጥለውን ለመጻፍ ድፍረት እስካገኝ ነው። ከአባባ አደጋ አራት ቀን በፊት ምሳ ላደርስላቸው ወፍጮ ቤት ገብቼ ነበር። ቺንጋው ጠርዙ ተልትሎ፣ ክሩ ተንጠልጥሎ አየሁት። ደንበኛ ከቧቸው ይጫወታሉ፤ በሰው ፊት ቢቆጡኝስ ብዬ ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ። በሆስፒታሉ ግቢ ያን ያህል የጮህኩብህ ለዚህ ነው። ጩኸቴ የእኔን ዝምታ የሚሸፍንልኝ መስሎኝ ነበር። አንተ ደግሞ ምሳውን ባደረስኩበት ቀን ወፍጮ ቤቱ ጥግ ተቀምጠህ ጆንያ ትሰፋ ነበር። ቺንጋውን ሳየው አይተኸኛል፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጥመናል። ስሰድብህ "አንቺስ?" ብትለኝ ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ይዞር ነበር። አላልክም። ሦስት ዓመት ሙሉ አላልክም። ይቅር በለኝ።

ይህን ደብዳቤ አንብበህ ኪስህ እንዳትከተው። የሰደብኩህ በሰው ፊት ነውና አጎታችንን ጥራቸው፣ የዚያን ዕለት ጎረቤቶችም ይምጡ፤ ጮክ ብለህ አንብበው። የቺንጋው ቦታ ላይ ስትደርስ እንዳትዘል። አውቅሃለሁ፣ ለእኔ ብለህ ትዘላለህ።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ትልቁን ልጅ ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። አጎታችንን ጉልበታቸውን፣ አባባን ደግሞ ያችን የቀኝ እጃቸውን ሳምልኝ። እማማን እሁድ አስር ሰዓት ላይ እደውላለሁ በልልኝ። ልታናግረኝ ካልፈለግክ አልቀየምም፤ ብቻ ወጣ አታስብላት። እዚሁ ተቀምጧል፣ አላናግራትም ብሏል ትበለኝ።

ታናሽ እህትህ

ከልብስ ማጠቢያው ሠራተኞች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን