የአየነው ጾም

ሰኞ፣ ነሐሴ 1

ዛሬም አልበላም። አሁን ደግሞ ሰበብ አገኘ፣ ፍልሰታ ገባች።

ጠዋት አጥሚት ይዤለት ገባሁ። «ጾም ነው» አለኝ። አየነው! ሃያ ምናምን ዓመት አብሬው ስኖር ፍልሰታን እንደ ሕጉ ጾሞ አያውቅም። «ጋሪ ነጂ ባዶ ሆዱን አይውልም፤ ፈረሱ በልቶ እኔ ልራብ?» እያለ ዳቦውን በኪሱ ከትቶ ነበር የሚወጣው። እኔም እቆጣና መልሼ እስቅ ነበር። ዛሬ አልሳቅሁም።

ጋሪው የተገለበጠበት በግንቦት ነው። ከዚያ ወዲህ ከወገቡ በታች የራሱ አይደለም። ባሕር ዳር ድረስ ወስደነው ሐኪሞቹ «ወደ ቤት ይዘሽው ግቢ፣ እግሩ አይመለስም» አሉን። ወጌሻም አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሰኔን ሲቆጣ ከረመ፣ ሐምሌን ዝም አለ። ቁጣው ይሻለኝ ነበር። ከዝምታው ጋር ምግቡም እየቀነሰ መጣ። መጀመሪያ ግማሽ እንጀራ፣ ከዚያ ሩብ፣ ከዚያ ለእኔ ብሎ የሚጎርሳት ጉርሻ።

ከሰዓት ጎረቤቶች ሊጠይቁት መጡ። ምንም ሳይቀምስ መዋሉን ሲሰሙ «እንዴት ያለ ሰው ነው! በዚህ ሁሉ ላይ ይጾማል!» አሉ። አንዷማ እንባዋ መጣ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም «አዎ፣ በርትቷል» አልኩ። ምን ልበል?

ግን አንድ ነገር አየሁ። የጎረቤት ልጆች ከእኩለ ቀን ጀምሮ በደጃችን እየሮጡ «ቅዳሴ ወጣ? ቅዳሴ ወጣ?» ሲሉ ዋሉ። ሆዳቸው ነው የሚጠይቀው። እኔም ብሆን ጆሮዬን ደወሉ ላይ ጥዬ ነው የዋልኩት። የጾመ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል። አየነው አንድም ጊዜ አልጠየቀም። ቅዳሴ ወጥቶ ሽሮ ሳቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎረሰ፣ ውሃ ጠጣ፣ ገፋ አደረገው።

የጾመ ሰው የሚበላበትን ሰዓት ይጠብቃል። እሱ የሚጠብቀው ሌላ ነው። ይኸው ጻፍኩት። ጽፌው ፈራሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 2

ዝናብ። ጭቃ። ማገዶው እርጥብ ነው፣ ጭሱ ዓይኔን አጠፋው። አንድ ጥቅም አለው፣ ስታለቅሺ ነበር ወይ የሚለኝ የለም። ገበያ አልወጣሁም። የምሸጠው ጌሾ ጓዳ ውስጥ እየሻገተ ነው።

አባ መጡ፣ የነፍስ አባታችን። ልነግራቸው ቆርጬ፣ የምናገረውን በሆዴ ደርድሬ ነበር። እሳቸው ግን ገና ከበሩ «ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ! በሽተኛ ጾም አይገደድም፤ የአንተ ግን ከልብ ነው» ብለው መስቀል አሳለሙት። አየነው በእሳቸው ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። እንዲያ ሲያየኝ አውቀዋለሁ። እንዳትናገሪ ነው። ዋጥኩት።

ደግሞስ ብናገር ምን ሊባል ነው? ራሱን በረሃብ ገደለ? ልጃችን መልካም በምን አፏ ሰው ፊት ትቆማለች? ማን ይፈታዋል፣ የት ይቀበራል? ጾሞ ሞተ ከተባለ ግን ክብር ነው። አስቦበታል። ሞኝ ባል አላገባሁም እኮ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 3

ከአጥሩ ወዲያ ያሉት እማሆይ በዘንጋቸው እየዳበሱ መጡ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የአየነውን ራስ ሲዳስሱ እጃቸው ትራሱ ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው ይኼ የደነደነው?»

«የጸሎት መጽሐፍ ነው እማሆይ። የእናቴ ነው። ይጠብቀው ብዬ ነው ከትራሱ ሥር ያደረግሁት።»

«ማን ያነበዋል?»

«ኧረ ማንም።»

«መድኃኒት ከነጠርሙሱ ከትራስ ሥር ከትቶ የዳነ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አፈርኩ። ከግንቦት ጀምሮ በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ እዚያው ነው። በእናቴም ቤት እንዲሁ ነበር፣ ሕፃን ሲታመም ከራስጌ፣ ሲሻለው ወደ ሳጥን። ገልጦ ያነበበ አላስታውስም።

«እኔ ስድስተኛ ክፍል ነው የደረስኩት እማሆይ፣ እየተንቀረፈፍኩ ነው የማነበው» አልኳቸው።

«እግዜር የት ይሄድብሻል? ቸኩሎ ነው?» ብለው ሳቁ። «በየዕለቱ ተከፍሎልሻል፤ የሰኞ አለው፣ የማክሰኞ አለው። የዕለቱን የቻልሽውን ያህል አንብቢ። ደግሞ ለእሱ ብለሽ አይደለም። ለራስሽ። አንቺም እኮ ታመሻል።» ከዚያ በአገውኛ አንድ ነገር አጉረምርመው ሄዱ። ምርቃት መሆን አለበት።

የረቡዕን ጀመርኩ። ገጾቹ በእርጥበት ተጣብቀው በቢላ ነው ያላቀቅኋቸው። ጠላት፣ ወጥመድ፣ ጉድጓድ… ምላሴ ተሳሰረ። መጽሐፍ ሲገልጡ ዓይን ይበራል ይላሉ፤ የእኔን ዓይን እንቅልፍ ነው የያዘው። ምንም አልተሰማኝም። እማሆይን ላለማሳዘን አነባለሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 4

ጥላሁን መጣ። የአየነው የጋሪ ጓደኛ ነው፣ ከአደጋው ወዲህ ፈረሳችንን ቦራን የሚነዳልን እሱ ነው። ገና በመስኮቱ በኩል፦

«አንተ ሹም! ተኝተህ ፈረስህን እኔ ላይ ላክህብኝ!»

አየነው ዓይኑን ከጣሪያው አላነሳም።

«ቦራ እኮ አሻፈረኝ አለኝ። እዚህ በር ሲደርስ ገትሮ ይቆማል። ትናንት አንዲት ሴትዮ እስከ መናኸሪያ ጭኜ ቀጥ አለልህ። ‹እዚህ ነው እንዴ የምወርደው?› አለችኝ። አይ፣ ፈረሱ ዘመድ ሊጠይቅ ነው አልኳት።»

እኔ ሳቅሁ። እውነቴን ሳቅሁ። አየነው «በለዋ በአለንጋ» አለ።

«አልመታውም። ጌታው ይምጣና ይምታው።»

ከአፉ አመለጠው። ጥላሁን ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ሄደ።

ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሐሙስን ገለጥኩ። ማንበብ የማልችለውን እየዘለልኩ አንድ ቦታ ደረስኩ፣ ቆምኩም። መዝሙሩን የደረሰው ሰውዬ እግዜርን ይወቅሰዋል! ስጠራህ ውዬ ስጠራህ አድሬ ምነው ዘጋኸኝ ይለዋል። ሰው ሁሉ ራቀኝ፣ ያራቅህብኝም አንተ ነህ ይለዋል። እንዲህ እየተባለ ይጸለያል እንዴ? ማንም አልነገረኝም። እኔ ጸሎት ተመስገን የሚሉት፣ ሌላውን የሚውጡት ነበር የሚመስለኝ።

ሳላውቀው ጮክ ብዬ ኖሯል የማነበው።

«ማነው እሱ?» አለ አየነው።

«ንጉሥ ነው።»

«ንጉሥ ሆኖ?»

«ንጉሥ ሆኖ።»

«ታዲያ መለሰለት?» አለኝ።

ወደ ታች አየሁ። መለሰለት ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን እዚያ ላይ የለም። ጸሎቱ ጨለማው ላይ ነው የሚያልቀው። «አልመለሰለትም። እዚህ ላይ አለቀ» አልኩት።

«ጥሩ» አለ። «ቢያንስ ውሸት አልጨመሩበትም።»

ሰሞኑን ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው። ምግቡን ግን ነካ ብቻ አድርጎ መለሰው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 5

ጀርባው እንዳይቆስል አገላብጠዋለሁ። በሰኔ ጥላሁንን ጠርቼ ነበር የማገላብጠው። ዛሬ ብቻዬን አገላበጥኩት። ቀለለኝ። ሸክም ሲቀልለው የሚያለቅስ ሰው እኔን አየሁ።

የሚያስጨንቀኝ፦ ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ። ስጠራው ዘግይቶ ነው አቤት የሚለው። መልካም ከእንጅባራ ደውላ «አባዬ እንዴት ነው?» ስትለኝ ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁት። ነበረ።

የዓርብን አነበብኩ። የትናንቱ ዓይነት አላገኘሁም። ግን አንድ ነገር ገባኝ። የሚያጽናናኝ ያጣሁ ይመስለኝ ነበር። አይዞሽ ባይማ ሞልቷል፣ በየደጁ አይዞሽ ነው። «እኔም» ያለኝ ነው የጠፋው። ያ ንጉሥ «እኔም» አለኝ። ይህ ደስታ አይደለም። የትናንቱን ጨለማ የሚያበራ ነገር የለም። ብቻ ጨለማው ውስጥ ሌላ ሰው ሲያስል እንደ መስማት ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 6

ቅዳሜና እሁድ ቅዳሴ በጠዋት ነው፣ ሰው በጊዜ ይቀምሳል። ይህን ቀን ነበር የጠበቅሁት። ቅዳሴ እንደ ወጣ ትኩስ አጥሚት አቀረብኩለት።

«አልራበኝም።»

«ዛሬስ ጾም ነው በለኛ!»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አየነው፣ እኔን ቄሱ አደረግኸኝ? ጎረቤት አደረግኸኝ? ጾም እግዜርን ለማግኘት ነው። አንተ ግን ከእኔ ለማምለጥ ነው የምትጾመው።»

ጮኬያለሁ። ሳህኑም ከእጄ ወደቀ፣ አጥሚቱ መሬት ላይ ፈሰሰ። ዞሮ አየኝ፣ ዓይኑ ጎድጉዷል።

«እማዋይሽ፣ የጋሪ ፈረስ እግሩ ሲሰበር ምን እንደምናደርገው ታውቂያለሽ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

አውቃለሁ። ዳንግላ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ከከተማ አውጥተው ይተውታል፤ ሌሊቱን የሚሆነውን ማንም አያወራም።

«ፈረስ አይደለህም» አልኩት።

«ፈረስማ ሠርቶ ይበላል።»

መሬቱን ጠረግሁ። የቅዳሜን አላነበብኩም። ለማን? መልሼ ከትራሱ ሥር ልከተው አሰብኩ። ከተትኩትም።

እሁድ፣ ነሐሴ 7፣ ጽንሰታ

መልካም በጠዋቱ ሚኒባስ መጣች። አባቷን ሳመችውና እየሳቀች አጫወተችው፣ ስለ መሥሪያ ቤቷ፣ ስለ እንጅባራ ብርድ። ከዚያ ጓዳ ገብታ ነጠላዬን አፏ ውስጥ ከትታ አለቀሰች። «እማ፣ አባዬ አለቀ። ከጾሙ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት። የበለጠ አልጠየቀችኝም። ገብቷታል። ሐኪም ቤት እንውሰደው አለች። እሱ «ከዚህ ቤት አልወጣም» አለ። ነገ በጠዋት ሥራ አለባትና ከሰዓት እያለቀሰች ተመለሰች። ነገ ከነገ ወዲያ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ ብላለች።

እሷ ከሄደች በኋላ ተኝቷል ብዬ ቁጭ ባልኩበት እጁን ወደ ትራሱ ሰደደ። መጽሐፉን መሳብ አቃተው። እኔ አወጣሁለት።

«የንጉሡን» አለ።

«እሱ የሐሙስ ነው፣ እማሆይ የዕለቱን ብለዋል።»

«ለእኔ ገና ሐሙስ ነው።»

አነበብኩለት። ከሐሙሱ ይልቅ ቀለለኝ፣ ምላሴ ለመደው። ምነው ዘጋኸኝ የሚለው ላይ ስደርስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ደገምኩለት። ሦስተኛ ጊዜ በራሱ ድምፅ አለው፣ ወደ ጣሪያው እያየ። ከዚያ አለቀሰ። ጋሪው ከተገለበጠ ወዲህ አላለቀሰም ነበር። አፍንጫውን በነጠላዬ ጠረግሁለት። «ተሳደብኩ መሰለኝ» አለኝ።

«ተጽፎ ያለ ነው» አልኩት።

አልበላም። ውሃ ብቻ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 8

ዝናቡ ወደ እኩለ ቀን አባራ። ልጆቹ ወጡ፣ ጭቃው ላይ ይጮኻሉ።

እኔ ጓዳ ድንች ጥጄ ነበር። ለራሴ ነው። ለእሱ ማቅረቡ ሰልችቶኛል፣ ልዋሽ አልችልም። እጄን እየጠረግሁ ሳለ ጠራኝ።

«እማዋይሽ።»

«አቤት።»

«ቅዳሴ ወጣ?»

የድስቱን ክዳን እንደያዝኩ ቀረሁ። «ገና ነው» አልኩ እንደ ምንም።

«ምን ያቆያቸዋል ዛሬ!» አለ። ተበሳጭቶ። ልክ እንደ ልጆቹ።

እንዳያየኝ ጓሮ ወጣሁ። ደወሉ እስኪሰማ ድረስ ያለው ጊዜ እንዲህ ረዝሞ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ደግሞ ጠየቀኝ። በሦስተኛው «ሰዓቱን እኔ አልሠራሁትም!» ብዬ ተቆጣሁት፣ እንደ ድሮው።

ድንቹን ልጬ በጨው አቀረብኩለት። ግማሹን በላ። ቀስ ብሎ፣ እያረፈ። ሌላውን ግማሽ አልቻለም፣ እኔ በላሁት።

አልዳነም። እግሩም አይመለስም። ነገ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞርብኝ ይሆናል፣ ስለዚህ ለመልካም አልደወልኩም፣ ለእማሆይም አልነገርኩም። በአንድ ግማሽ ድንች እልል አልልም።

ዛሬ ግን ጾመ። አየነው ፍልሰታን ሲጾም ዛሬ ገና አየሁ። ለነገ ድንች አጥቤ አስቀምጫለሁ።