በሦስት መልእክት የፈረድኩበት ሰው

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ጠዋት ጠዋት የሚይዝሽ ራስ ምታት ተወሽ ወይ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? የአባዬስ ሳል ቀለል አለለት? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽና ከዚያ ተቆጪኝ።

እዚህ የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ሴቶቹ በሻይ ሰዓት ስልካቸውን ይዘው ወደ እኔ እንደሚመጡ አጫውቼሽ ነበር። ይህን የጻፈው ሰው ምን ዓይነት ነው ይሉኛል። እኔም ሰላምታ የሚያበዛው የሚፈልገው ነገር አለ፣ መልስ የሚያዘገየው ኩራተኛ ነው እያልኩ እፈርዳለሁ። አንድ ሁለቴ ገጠመልኝና "ጠንቋይቱ" የሚል ስም አወጡልኝ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ስተኩስ የምውል ሴት በዚያች በሻይ ሰዓት አዋቂ ነበርኩ።

አናጢው ላግባሽ ያለሽ ጊዜ የጻፈልሽን ሁሉ ላክሽልኝና ምን ዓይነት ሰው ይመስልሻል አልሽኝ። "እሺ።" "ደርሻለሁ።" "ነገ እመጣለሁ።" ከዚህ የዘለለ የለውም። እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ለሴቶቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ተሳቀ። አንቺ አምነሽ የሰጠሽኝን የሻይ ማጣጫ አደረግሁት። ከዚያ ሰውየው ልበ ደረቅ ነው፣ ቃል የሚሰስት ፍቅርም ይሰስታል፣ ከእሱ ጋር ዝም ዝም እንደተባባላችሁ ታረጃላችሁ ብዬ ጻፍኩልሽ። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ ታላቅሽን ትሰሚያለሽ። እምቢ አልሽው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ የገባች ልብስ አጣፊ እስቲ እኔም ልሞክር አለች። ልፈትናት ብዬ ስሜን ሳልናገር ከስልኬ አንድ መልእክት አሳየኋት። እኔው ራሴ ለእማዬ የላክሁት ነው፦ "ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ። እደውላለሁ።" አየት አድርጋ፣ ይህች ሴት ለማንም ግድ የላትም፣ ቤተሰቦቿ ሸክም ሆነውባታል አለች። ሴቶቹ እውነትሽን ነው እያሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ፊቴ ግን እንደ ካውያው ጋለ። በአንድ እጄ ካውያ ይዤ፣ በሌላው አውራ ጣት፣ ተቆጣጣሪዋ ሳታየኝ የጻፍኳት ናት። ያን ቀን እማዬ ናፍቃኝ እንባዬ አንሶላው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ልብስ አጣፊዋ በፈረደችብኝ ዕለት ለእማዬ ደወልኩላትና አንቺ ያልነገርሽኝን ነገረችኝ። እምቢ ካልሽው በኋላ አናጢው መጥቶ የተገነጠለውን የጓዳ በር ገጥሞላት ሄደ አለችኝ። እመጣለሁ ብዬ ነበር ከማለት በቀር ምንም አልተናገረም፤ ውሃ እንኳ አልጠጣም። አንቺም መዶሻው እስኪያበቃ ድረስ ከመኝታ ቤት አልወጣሽም አሉ። እህቴ፣ በጣም አፈርኩ። ሰውየው እመጣለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ነው። አዋቂ ነኝ ባይዋ ይህችን ማንበብ አቃተኝ።

መጀመሪያ በስልክ "ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ።" ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ሳየው፣ በራሴ ሚዛን ከሆነ ድንጋይ ልብ ያላት ሴት የጻፈችው ነው። አጠፋሁትና ወረቀት ገዛሁ። ተመልሰሽ አግቢው አልልሽም፤ በማያገባኝ ገብቼ ያደረግሁት ይበቃኛል። ያልኩሽን ብቻ ከልብሽ አውጥተሽ ጣይው። ፊቱን ያየሽው፣ አጠገቡ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ሴቶቹንም ሁለተኛ ስልክ አታምጡብኝ ብያቸዋለሁ፤ ኮራችብን ብለው አኩርፈዋል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አባዬን መድኃኒቱን እንዳይተው አደራ በይልኝ፤ እንደ ልማዱ ዋጥኩት ብሎ እንዳይሸውድሽ። ወንድማችንን ከነሚስቱ፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ሰላም በይልኝ። ለአናጢው ግን ሰላምታ የምልክበት ፊት የለኝም። አንቺ ከወደድሽ በራስሽ ቃል ጻፊለት፤ አጭርም ቢሆን እሱ ይገባዋል።

ያጠፋሁብሽ ታላቅሽ
ከተከራየሁባት ክፍል፣ የካቲት 4 ቀን